የገደለህ ንፋስ አይደለም

ተክሉ፣

«ውድ ባለቤቴ» ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ደብዳቤ እንደዚያ ነው የሚጀመረው። እጄ እምቢ አለኝ። ከተለየኸን ዓመት አለፈ፤ ሙት ዓመትህንም ባለፈው እሑድ አሰብን። ሰው ለሞተበት ሰው ሲጽፍ ናፍቆቱን ያስቀድማል። እኔም ናፍቄሃለሁ፣ እሱን አልክድም፤ ግን ሁልጊዜ ከናፍቆቱ በፊት ንዴቱ ይቀድመኛል። ሙት ወቃሽ የሚለኝ ካለ ይበለኝ። ይህን የምጽፍልህ ልወቅስህ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ኦክላንድ ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። ትሬይለርህ ይቆምበት የነበረው የግቢው ጎን ባዶ ሆኗል፤ ከሥሩ የፈሰሰው ዘይት ግን እስካሁን ሲሚንቶው ላይ አለ፣ ብፈትገው ብፈትገው አልለቀቀም። ያ «ትሬይለራችሁ ፀሐይ ከለከለኝ» እያለ ሲነጫነጭ የነበረው ጎረቤታችን አሁን ሲያየኝ አንገቱን ደፍቶ ሰላም ይለኛል። እሱም ያናድደኛል፤ ድሮ ሲነጫነጭ ይሻለኝ ነበር። ልጃችን ሊድያ ቁመቷ በልጦኛል፤ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ እየተማረች ነው። ያንተን ሰማያዊ ጃኬት ለብሳ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ እጠቢው ብላት አትሰማም። እኔ እዚያው ሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። አልጋው ላይ ያንተ ቦታ የታጠበ ልብስ መቆለያ ሆኗል። አጥፌ ቁም ሣጥን ውስጥ ላስቀምጠው እልና እተወዋለሁ፤ ባዶውን ከማየው ልብስ ቢሞላው ይሻለኛል።

ያንን ትሬይለር ያመጣህበትን ቀን አስታውሰዋለሁ። ከታናሽ ወንድምህ ከሳምሶን ጋር ሳን ሆዜ ሄዳችሁ፣ ያገለገለ ተሳቢ ቤት በመኪናችን እየጎተታችሁ መጣችሁ። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መታጠቢያ አለው፣ የውኃ ታንከር አለው። መኪናችን ደግሞ መካከለኛ ኤስዩቪ ናት፤ ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርስ፣ አስቤዛ የምታመጣ። ከኋላዋ የታሰረው ቤት ይረዝማታል፣ ይሰፋታል። በር ላይ ቆሜ ሳያችሁ ጥጃ ላም ስትጎትት ያየሁ መሰለኝ። ይህቺ መኪና ይህን ትችላለች ወይ ብዬ ስጠይቅህ፣ ሻጩ ትችላለች ብሏል አልከኝ። ሻጭ ሌላ ምን ሊልህ ኖሯል?

እኔ የሾፌሩን በር ከፍቼ እዚያ የተለጠፈችውን ወረቀት አነበብኩልህ። ሰውና ዕቃ ተደምሮ መኪናዋ የምትሸከመውን ትናገራለች። የትሬይለሩ አፍንጫ ከመኪናዋ ኋላ ያለው ጋንቾ ላይ ሲያርፍ የሚጫናትም ክብደት ከዚያው ላይ ነው የሚታሰበው፤ እሱንም ነገርኩህ። ሳቅክብኝ። እሱ ለጠበቃ የተጻፈ ነው፣ እነዚህ ሰዎች ያልለጠፉበት ነገር የለም አልክ። ከዚያ መኪናዋን አስነስተህ እስከ መንገዱ ጥግ ጎትተህ ተመለስክና፣ ይኸው ትጎትታለች አልከኝ፣ ደረትህን ነፍተህ። መጎተቷን ማን ካደህ ተክሉ? እኔ የጠየቅኩህ መቆሟን ነበር።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ጉዞ ጥሩ ነበር። ሦስታችን ብቻ ነበርን። ታንከሩ ባዶ፣ ዕቃችን አንድ ሻንጣ፣ ባሕሩ ዳር እስክንደርስ ከጭነት መኪኖቹ ኋላ ቀስ እያልክ ነዳህ። ማታ ዝናቡ ጣሪያው ላይ ሲወርድ ሊድያ ከላይኛው አልጋ ሆና እዚህ እንኑር አለች፤ አንተ በዚያች ሚጢጢ ምድጃ ሻይ አፈላህልን። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስ ብሎኛል ብዬም ነግሬሃለሁ። ኤመሪቪል ባለው ሰፊ የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ወደኋላ መንዳት የተለማመድክበትንም ቀን አልረሳም። መሪውን ወደ ግራ ስትመልሰው ትሬይለሩ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ እኔ ከኋላ ቆሜ እጄን አወናጭፋለሁ፣ አንተ እኔን አይተህ ባሰብህ፣ መጨረሻ ላይ ሁለታችንም አቅጣጫው ጠፍቶን ተጣላን። ቤት እስክንገባ ተኳርፈን፣ እራት ላይ ሊድያ አንተ ስትነዳ የምትሆነውን ስታስመስል ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እነዚያን ቀኖች ከማንም ጋር አልካፈላቸውም።

ከዚያ ትሬይለር እንዳለህ የሐበሻ ማኅበራችን ሰማ።

በየበጋው የማኅበራችን ሰዎች ቤተሰባቸውን ይዘው ተራራው ሥር ካለው ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለው የሚያድሩበትን ጉዞ እኔም እወደው ነበር። ድሮ ሁሉም የራሱን በራሱ መኪና ጭኖ ይሄድ ነበር። ያን ዓመት ግን ስልክህ አላርፍ አለ። ተክልዬ፣ ወንበሮቹን አንተ ጋ ባስቀምጣቸውስ? ተክልዬ፣ ድንኳኑ እኔ መኪና ውስጥ አልገባ አለ። ተክልዬ፣ ሥጋውን በበረዶ ይዘን እንመጣለን። ለሁሉም አንድ መልስ ነበረህ፤ ቦታ አለ። ቦታ መኖሩና አቅም መኖሩ አንድ ነገር መሰለህ። ይበቃል በላቸው ብዬ ስለምንህ፣ ሰው ደጄ ድረስ ተሸክሞ መጥቶ እንዴት መልሰህ ውሰድ እለዋለሁ አልከኝ። አንተ ሰው የምታሳፍረው ቤትህ ውስጥ ብቻ ነበር። እኔን እምቢ ማለት አንድ ቀንም ከብዶህ አያውቅም።

ደግሞ የትሬይለሩ ሰፊ በር ከኋላ ነው። ሰው እየመጣ ያመጣውን እዚያው በሩ ሥር እየከመረ ሄደ። የታሸገ ውኃ፣ ብረት ድስት፣ ከበሮ፣ ያ ሁሉ የላስቲክ ወንበር። ሳምሶን ጄኔሬተሩን አምጥቶ ከሁሉም ኋላ፣ መጨረሻው ጫፍ ላይ አሰረው። ተሳቢ ከኋላው ሲከብድ አፍንጫው ይቀልና ጭራውን መወዝወዝ ይጀምራል። ይህን ስልኬ ላይ አሳይቼሃለሁ፤ አንተም በአንድ ዓይንህ አየት አድርገህ ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ። ሊነጋጋ ሲል ልንነሳ ስንል የማኅበሩ ትልቁ ድስት እኔ ወንበር ላይ ቀበቶ ታስሮ ተቀምጦ አገኘሁት። አንቺና ሊድያ በሌላዋ አሮጌ መኪናችን ተከተሉኝ አልከን። የሚስትህን ቦታ ለድስት ሰጠኸው። ሰው አሁን፣ ያ ድስት እኮ ነው ያተረፈሽ፣ አመስግኚ ይለኛል። አላመሰግንም።

ከኦክላንድ ወጥተን አልታሞንት የሚባለው ኮረብታማ መንገድ ላይ ስንደርስ ንፋስ ነበር። እዚያ ደግሞ ንፋስ የማይኖረው መቼ ነው? ለዚያ ብለው እኮ ነው ኮረብታውን በሙሉ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተከሉበት። እኔ ከኋላህ ነበርኩና ትሬይለሩ ዳሌውን ወዲያና ወዲህ ሲያደርግ አየሁት። ደወልኩልህ። ተክሉ፣ ኋላህ እየተወዛወዘ ነው፣ ዳር ያዝና ቁም አልኩህ። ንፋስ ነው፣ አትጨነቂ፣ ሐይቁ ጋ እንገናኝ ብለህ ዘጋህ። ስልኬን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌው ስለነበር ሊድያም ሰማችው። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። ውዝዋዜው ሰፋ፣ የፍሬን መብራትህ በራ፣ ቤቱ መኪናዋን ከኋላ ይዞ አዞራት። ከዚያ በኋላ ያየሁትን አልጽፍልህም፤ አንተው እዚያ ነበርክ።

በመጨረሻ የተናገርከው ነገር ቤታችንን ለዓመት ገዛው። ንፋስ ነው። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሁሉ ንፋሱን እየረገመ ሄደ። ድንኳኑን የላከውም፣ ውኃውን የላከውም፣ ወንበሩን ያመጣውም እኩል ንፋሱን ረገመ። ቀኑ ደርሶ ነው አሉኝ፣ የእግዜር ሥራ ነው አሉኝ። እኔ ሐዘንተኛ ነበርኩና ሰው እንዳይቀየመኝ ዝም አልኩ። ሊድያ ግን አንድ ቀንም አላለቀሰችም። ትምህርቷን ትማራለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። ስለ አንተ ሳነሳባት በእንግሊዝኛ፣ ንፋስ ነበር ማሚ፣ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም ነበር ትለኝና ክፍሏ ትገባለች።

እንደዚሁ ዝም ብዬ እኖር ነበር፣ ወንድምህ ባይመጣብኝ ኖሮ። ሳምሶን ትሬይለር ገዛ። ካንተው የሚረዝም። የሚጎትትበትም መኪና እንዳንተው ያለ መካከለኛ ኤስዩቪ ነው። የወንድሜን ሕልም እፈጽምለታለሁ፣ ጸሎቱን ኦክላንድ አድርሰን ሙት ዓመቱን እዚያው ሐይቅ ዳር እናስብለታለን አለ። ማኅበሩ በሙሉ መረቀው። ሊድያንም ጠየቃት፤ እሷም፣ አባቴ ሊደርስበት ያልቻለው ቦታ መድረስ እፈልጋለሁ ብላ እሺ አለች። ከእሱ ልጆች ጋር በዚያች መኪና፣ በዚያ መንገድ፣ በዚያ ቁልቁለት።

ደወልኩለት። ሳምሶን፣ ንፋስ አይደለም፣ ጭነት ነው፣ ያንተም መኪና አትችልም አልኩት። ሰብልዬ ፕሊዝ፣ ጋንቾውን አፕግሬድ አድርጌዋለሁ፣ ሁሉንም ደብል ቼክ አድርጌያለሁ አለኝ። ሚዛን ላይ አውጥተኸዋል ወይ ስለው አላወጣሁትም አለ። ወንድምህም አላወጣውም ነበር፣ ሞኝነቱ ነው የገደለው አልኩት። ወንድሜን መቃብሩ ውስጥ ትሰድቢዋለሽ ብሎ ዘጋብኝ። በማግስቱ ሽማግሌ ላከብኝ።

ጋሽ መኮንንን ታስታውሳቸዋለህ፤ በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩት፣ አሁን ጡረታ የወጡት መምህር። እሳቸውና ሁለት አዛውንቶች ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ሶፋችን ላይ ተደረደሩ። ልጄ፣ በሟች ላይ እንዲህ አይባልም፣ ሳምሶንን ይቅርታ ጠይቂውና ሙት ዓመቱ በሰላም ይለፍ አሉኝ። ሊድያ በሯን ገርበብ አድርጋ ትሰማ ነበር። እኔ ደግሞ፣ ጋሽ መኮንን፣ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ ግን አንድ ነገር ያድርጉልኝ አልኳቸው። ትሬይለሩ ለጉዞው እንደሚጫነው ተጭኖ፣ መኪናዋ ውስጥ የሚሄደው ሰው ያህል ሰው ተቀምጦ፣ የከባድ መኪና ሚዛን ላይ ይውጣ። እናንተም ሽማግሌዎቹ አብራችሁ ውጡ። ከተፈቀደው በታች ከሆነ በሕዝብ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሦስቱም ተያዩ። እንዲህ ያለ ማስረጃ የጠየቀ ሰው ገጥሟቸው አያውቅም መሰለኝ። ጋሽ መኮንን ግን፣ ፍትሐዊ ነው አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሳን ሆዜ ወጣ ብሎ ያለው ሚዛን ጋ ተገናኘን። ሊድያም መጣች። የትሬይለሩን የኋላ በር ከፍቼ አየሁት። ላንተ ሙት ዓመት ነው ተብሎ ሰው ካለፈው ዓመት አብልጦ ልኳል፤ ጄኔሬተሩም እዚያው ቦታው ላይ ታስሯል። በሊድያና በሳምሶን ልጆች ቦታ ሽማግሌዎቹ ገቡ። ሰዎቹ ከኋላ ወንበር ላይ ተጣበው፣ ከረባታቸውን እንዳሰሩ፣ ጉልበታቸው አገጫቸው ላይ ደርሶ ስታያቸው፣ በሌላ ቀን ቢሆን እስኪያመኝ እስቅ ነበር። ከባድ መኪኖቹ ወረፋ ይዘው ከኋላችን ጥሩንባ ይነፋሉ። ሚዛኑ ወረቀት ሰጠ። ጋሽ መኮንን ወርደው መነጽራቸውን አደረጉ፣ የሾፌሩን በር ከፍተው የተለጠፈውን አነበቡ፣ ወረቀቱን አዩ፣ እንደገና በሩን አነበቡ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ሳምሶን ልጄ፣ እኛ ሦስታችን ብንወርድልህም አይሆንም አሉ። ትሬይለሩ ጎኑ ላይ እንደተጻፈው ባዶውን እንኳ ለመኪናዋ ከብዷት ነበር። ከኋላው መጫኑ ደግሞ አፍንጫውን አቅልሎት፣ ልክ እንዳንተው አድርጎት ነበር።

ሳምሶን አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ጄኔሬተሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ወንድሜን እኔ ነኝ እንዴ የገደልኩት ብሎ ወደ እኔ ቀና አለ። አይደለህም እንድለው ነው የፈለገው። አላልኩትም። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፣ ግን አላልኩትም። ጋሽ መኮንን ናቸው አጠገቡ ተቀምጠው ያጽናኑት፤ እኔ ልጄን ይዤ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

በመንገድ ላይ ሊድያ፣ አባቴ ያውቅ ነበር ወይ አለችኝ። ነግሬዋለሁ አልኳት። ምን አለሽ? ሳቀብኝ አልኳት። ተክሉ፣ ያን ጊዜ ልጅህ ጮኸች። ለምን አንቺን አልሰማም፣ ለምን አልቆመም፣ ስትደውዪለት ለምን ዳር አልያዘም እያለች የመኪናውን ፊት በእጇ ደበደበችው፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ያልወጣው ልቅሶ ወጣላት። መንገድ ዳር አቁሜ አቀፍኳት። ንፋስን ማን ይቆጣዋል? ሰው የሚቆጣው ሰውን ነው። ያን ቀን ልጄ አባቷ እንደሞተባት አወቀች። ለዚህም ተናድጄብሃለሁ፤ ልጅቷን ከሳምሶን መኪና ለማውጣት አንተን ከፊቷ መጣል ነበረብኝ። ይህን ሥራ ለእኔ ነው የተውክልኝ።

ወደ ሐይቁ የሄደ የለም። እሑድ ጸሎቱ ከደረሰ በኋላ ኦክላንድ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰብን። የማኅበሩ ሊቀመንበር ተነስቶ ስለ ደግነትህ ተናገረ። የሰው ሸክም ተሸካሚ ነበር፣ ያ ክፉ ንፋስ ነው የቀማን ሲል ሊድያ ካጠገቤ ብድግ አለች። ታውቃታለህ፣ በአማርኛ ሲጠይቋት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። ያን ቀን በአማርኛ ተናገረች። ንፋስ አይደለም አለች። አባቴ ብዙ ጫነ። እናንተም ብዙ ሰጣችሁት። እሱ ደግሞ ኖ ማለት አይችልም ነበር። ይህን ብላ ተቀመጠች።

ሊቀመንበሩ ማይኩን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ሳምሶን ተነሳ። ጄኔሬተሩን ከኋላ ያሰርኩት እኔ ነኝ አለ። ከወዲያ ጥግ አንዲት ሴት፣ ውኃውን የላክሁት እኔ ነኝ አለች። ወንበሮቹን ያመጣውም ተናገረ። አንዳንዱ ተነስቶ ወጣ፤ አንዳንዱ እስካሁን አኩርፎኛል፣ ስልኬን አያነሳም። ሙት ዓመቱን አበላሸችው ብለው የሚያወሩም አሉ። ያውሩ።

እኔ ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም፤ ገና አላልኩም። መቃብርህ ላይ መጥቼ አበባ ሳስቀምጥም ጥርሴን ነክሼ ነው። ደግነትህን እንዲረሱት አልፈልግም፤ ደግነትህ ምን እንዳደረገ ግን አልደብቅም። ስምህ በተነሳ ቁጥር፣ ንፋስ ያለ ሰው ካለ፣ አይደለም እላለሁ፤ እኔ ባልኖር ሊድያ ትላለች። ይህን ቃል ገብቼልሃለሁ። ልጅህ በሕይወት አለች፣ ክፍሏ ውስጥ ፎቶህን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ማታ ማታ ስትጨቃጨቅህ እሰማታለሁ። እኔም ኩሽና ሆኜ እጨቃጨቅሃለሁ። እዚህ ቤት የረሳህ ሰው የለም።

ሰብለ